ማንም የማያነበው ሳጥን

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «ምን ነካሽ?» ብላችሁ እንዳትጨቀጭቁኝ ነው። ስናደድ ግን አልጮህም፣ በርም አላላትምም። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ እሷም ስትበሳጭ አፏን ዘግታ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ትረግጠው ነበር። ስፌቱ ጠበቅ ያለ ቀን ደንበኞቿ «ዛሬ ደግሞ ማን አስቆጣሽ?» ይሏታል። እኔ ግን እጽፋለሁ። ጣጣዬ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ሥራዬ በኢንተርኔት ለሚማሩ ተማሪዎች የትምህርት ገጽ ማዘጋጀት ነው። መምህሩ ጽሑፉንና ምስሉን ይልክልኛል፤ እኔ ገጹን እሠራለሁ፣ ፈተናውን አስገባለሁ፣ የሚነካው ሁሉ ሲነካ እንዲከፈት አደርጋለሁ። ቢሮዬ የኮሌጁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ ከተቀጠርኩበት ቀን ጀምሮ አልዘጋ ብሎ ካርቶን አጥፌ ወትፌበታለሁ።

ምስል ባስገባሁ ቁጥር አንዲት ሳጥን ትከፈትና «ይህን ምስል በቃላት ይግለጹ» ትለኛለች። ዓይነ ስውር ተማሪ ገጹን ሲከፍት ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ጽሑፉን በድምፅ ያነብለታል፤ ምስል ላይ ሲደርስ ደግሞ ሳጥኗ ውስጥ የተጻፈውን ያነብለታል። ሳጥኗ የተሠራችው ለዚህ ነው። አላውቅም ነበር ብዬ ዓይኔን በጨው ታጥቤ አልዋሻችሁም፤ በደንብ አውቅ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ተማሪ በኛ ኮሌጅ አንድም አይቼ አላውቅም፤ ስላላየሁ ደግሞ የሌለ አደረግሁት።

አለቃዬን «መቶ በመቶ» ነው የምንለው፤ ፊቱን ሲያዞር ማለቴ ነው። ገጾቹን የሚመረምር ፕሮግራም አለው፤ ሳጥኖቹ ሁሉ ተሞልተው ካገኘ አረንጓዴ ያበራና «መቶ በመቶ ተደራሽ» ብሎ ይጽፋል። ያቺ አረንጓዴ ስትበራ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል፤ ሻይ ሁሉ ይጋብዛል። ታዲያ ስለ ሰው አካል የሚያስተምረው ኮርስ ሲመጣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ምስል ይዞ መጣ፤ አጥንት፣ ጡንቻ፣ ጅማት፣ መገጣጠሚያ። የተሰጠኝ ጊዜ ሦስት ሳምንት ነው። «ምስሎቹን የሚገልጽልኝ መምህር ይመደብልኝ፤ እኔ የአጥንት ስም ከየት አውቄ?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ ነገር ማክበድ ትወጃለሽ» አለኝ። «ማን ያነበዋል? የሆነ ነገር ጻፊበትና አረንጓዴ ይሁን።»

እሺ፤ የሆነ ነገር ጻፍኩበት።

የትከሻ አጥንት ላይ «ይኸው ሞላሁልህ፣ ደስ ይበልህ» አልኩ። ክርን ላይ «መስኮት የሚጠግን ጠፍቶ በብርድ አለቅን» አልኩ። የጀርባ ጡንቻ ላይ «መቶ በመቶ ዛሬ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ መጣ። ማንም አልነገረውም፤ እኔም አልነግረውም» ብዬ ጻፍኩና ብቻዬን ሳቅሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከራስ ቅል ጀምሬ ወደ ታች ወረድኩ። በሁለተኛው ሳምንት እማዬ ታመመች። ጠዋት እሷን አብልቼ፣ ማለቴ ለማብላት ሞክሬ፣ ወደ ቢሮ እሮጣለሁ፤ በምስሎቹ ያኔ የደረስኩት ጉልበት ላይ ነው። «እማዬ ዛሬ እህል አልቀመሰችም» ብዬ ጻፍኩ። ለሌላ ሰው ያልነገርኩትን ለዚያች ሳጥን ነገርኳት። ታናሽ እህቴ በዚያን ጊዜ ሌላ ከተማ የመጨረሻ ዓመት ፈተናዋን ትፈተን ነበር፤ በደወለች ቁጥር «ደህና ናት፣ አንቺ ፈተናሽ ላይ አተኩሪ» እላታለሁ። ቁርጭምጭሚት ላይ እማዬ ሆስፒታል ገባች። የእግር ጣቶች ላይ ስደርስ ቃል አልወጣልኝም፤ ነጥብ ነጥብ ብቻ አድርጌ ጨረስኩ። አረንጓዴዋም በራች።

ከዚህ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ሳጥኖቹን ረሳኋቸው።

አንድ ሰኞ መቶ በመቶ ወረቀት ይዞ መጣ። አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ያንን ኮርስ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ሦስተኛ ከወደቀ ከትምህርቱ ይሰናበታል። «ምስሎቹ ስላልተገለጹልኝ ነው የወደቅሁት» ብሎ ለቅሬታ ኮሚቴ አመልክቷል፤ ቅሬታው ሐሙስ ይሰማል። «ሪፖርቱን አትመሽ አምጪልኝ። መቶ በመቶ የሆነን ነገር ምን ብሎ ይከሳል?» አለና ወጣ።

ቆሌዬ ተገፈፈ። ኮርሱን ከፍቼ የጻፍኩትን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ፤ አሥረኛው ላይ ስደርስ ዘጋሁት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ሌላ ሳይሆን ማጥፋት ነው። ሁሉንም አጥፍቼ «የአጥንት ምስል፣ የጡንቻ ምስል» ብዬ ሞልቼ፣ የት አየኸው ማለት። ሐሙስ ሰውየው ውሸታም ሆኖ ይወጣል፣ እኔ ሥራዬ ላይ እቆያለሁ። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ የእናቴ ልጅ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ እጄ ገና ማጥፊያው ላይ እያለ፣ በሩ ተንኳኳ። ጠና ያሉ፣ ትከሻቸው ሰፊ የሆነ ሰው በነጭ ዱላቸው ደፉን ነካ ነካ አድርገው ቆሙ። ሦስት ፎቅ ወጥተው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ይቅርታ፤ ምስሎቹን የምትሞላዋ እህት እዚህ ናት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ ድምፄ ከየት እንደወጣ እንጃ።

ወንበር ሳብኩላቸው፤ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። እኔ ስድቡን እጠብቃለሁ።

«እናትሽ እንዴት ሆኑ?» አሉኝ።

«የኔ እናት?»

«ጉልበት በሚለው ርዕስ ሥር እህል አልቀመሱም ነበር። ቁርጭምጭሚት ላይ ሆስፒታል ገቡ። ከዚያ ወዲያ ነጥብ ብቻ ነው። ኮርሱን ከጀመርኩ ዓመት ሆነኝ፤ ዓመቱን ሙሉ እዚያች ጋ በደረስኩ ቁጥር ያሳስበኛል።»

እማዬ ካረፈች ወዲህ ሰው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎኝ ሄዷል። ስለዚያ ሳምንት የጠየቀኝ ግን አልነበረም፤ አላወቁማ። «አረፈች» አልኳቸው። ብድግ ብለው ቆሙና «ነፍስ ይማር» አሉ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሳቸው ቆመው ጠበቁኝ።

ከተረጋጋሁ በኋላ ታሪካቸውን ነገሩኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ዓይናቸው ቀስ በቀስ ደከመ፤ መጀመሪያ የሌሊቱን መንገድ ነሳቸው፣ ቀጥሎ የቀኑን። አሁን ወገብና ትከሻ በእጅ እያሹ የሚያክሙበት ሙያ ይማራሉ። የሠፈራቸው ክሊኒክ ይህን ኮርስ ካለፉ ሊቀጥራቸው ቃል ገብቶላቸዋል። «የሹፌር ወገብ እንዴት እንደሚታመም እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል?» አሉና ፈገግ አሉ። ለጥናቱ ልጃቸው ምስሎቹን ትነግራቸዋለች። «እሷ ደግሞ ‹አባዬ፣ ቀይ ነገር ነው። ከሱ ቀጥሎ ሌላ ቀይ ነገር አለ› ትለኛለች። ፈተናው ላይ ያቺም የለችም። ጥያቄ አሥራ አራት፣ በቀስት የተመለከተው ጡንቻ የትኛው ነው ይላል። ምስሉ ደግሞ ‹ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ሰው መሆናችንን የሚያስታውስ ጠፋ› ይለኛል። ምን ልምረጥ? ‹ሐ› ብዬ ሞላሁ።»

ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቄን ዋጥኩት፤ በዚያች በምሳ ሰዓት ቀልዴ ሰውየው ሁለት ጊዜ ወድቀዋል።

«ሳጥኖቹ ውስጥ የተጻፈውን ለኮሚቴው ለምን አልነገሩም?»

«‹አልተገለጹም› ብቻ ነው ያልኳቸው። ያንን ካነበብኩላቸው አንቺን ያባርሩሻል። ደግሞም የሰው የሆድ ብሶት ነው፤ አደባባይ አውጥቼ ልዝራው? እነሱ ግን መቶ በመቶ ነው እያሉ ይመልሱልኛል። ሌላ ማስረጃ የለኝም። አንቺን ሳልጠይቅ አላደርገውም ብዬ መጣሁ።»

እዚህ ላይ ጀግና ብሆን ደስ ይለኝ ነበር። «አይናገሩብኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እባክዎ። እኔ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ፤ ብቻ እሱን አያንሱብኝ።»

ከሐሙስ በኋላ ቀስ ብዬ ባስተካክለው ለሳቸው ምንም እንደማይረባ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

«እሺ» አሉኝ። ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ደረጃውን በዱላቸው እየቆጠሩ ወረዱ።

ሐሙስ ዕለት የስብሰባው ክፍል ውስጥ አምስት ሰው በረዥሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን በገመድ ያንጠለጠሉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። እኔ ግድግዳው ላይ የሚታየውን ኮምፒውተር እንድነካካ ጥግ ተቀምጫለሁ። ሹፌሩ ብቻቸውን ወዲያ ጫፍ ናቸው። ንጹሕ ሸሚዝ፣ ከረባትም አድርገዋል።

መቶ በመቶ ሪፖርቱን አቀረበ። አረንጓዴዋ ግድግዳው ላይ ትንቦገቦጋለች። «አራት መቶ አሥራ ሁለት ምስል፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት መግለጫ። ከዚህ በላይ ምን እናድርግ?»

ሰብሳቢዋ ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «እርስዎ አልተገለጸም ይላሉ፤ ማሽኑ ተገልጿል ይላል። እስቲ አንድ ምሳሌ ይስጡን። የትኛው ምስል ላይ ምን ተጻፈ?»

ሹፌሩ ከረባታቸውን ነካ አደረጉ።

«የሰው ነገር አለበት» አሉ። «እዚህ አልናገረውም።»

«ካልነገሩን እኛ በምን እንወስናለን?»

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

መቶ በመቶ ፋይሉን ጠፍ አድርጎ ዘጋ። ሰብሳቢዋ እስክሪብቷቸውን አነሱ። እኔ ሹፌሩን አየኋቸው፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ አንድ ነገር ቆርጠው እንደጨረሱ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ለኔ ብለው ሃያ ሁለት ዓመት ከነዱት መኪና ቀጥሎ የቀራቸውን አንድ እንጀራ ሊያጡ ነው። ያኔ ቁጣዬ መጣ። በመቶ በመቶ ላይ አይደለም፤ በራሴ ላይ ነው።

«አንድ ጊዜ!» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። ኮምፒውተሩ ላይ ጽሑፍ የሚያነበውን ድምፅ ከፈትኩና ኮርሱ ውስጥ ገባሁ። «እሳቸው የሚሰሙትን ስሙ።»

ድምፁ አይቆጣም፣ አይስቅም፤ ሁሉንም እኩል ያነባል። «ምስል። ይኸው ሞላሁልህ፣ ደስ ይበልህ። ምስል። መስኮት የሚጠግን ጠፍቶ በብርድ አለቅን። ምስል። መቶ በመቶ ዛሬ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ መጣ። ማንም አልነገረውም፤ እኔም አልነግረውም።» አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቁን በሳል ሸፈነ። አለቃዬ የዛሬ ሸሚዙን ቁልፎች አጎንብሶ አየ። ወደ ፈተናው ሄድኩ፤ ጥያቄ አሥራ አራት ከነምሳ ሰዓቱ ተነበበ። አሁን የሚስቅ ጠፋ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«በቃ፣ ገብቶናል» አሉ።

ላስቆመው ስጣደፍ ሌላ ቁልፍ ነካሁ። ድምፁ ወደ ጉልበት ሄደ። «ምስል። እማዬ ዛሬ እህል አልቀመሰችም። ምስል። ለእህቴ ደህና ናት አልኳት። ምስል። ለማን ልንገር?» የሚቆምበት ቁልፍ ጠፋኝ።

«ዝጉላት እንጂ!» አሉ ሹፌሩ ከወዲያ ጫፍ። ያን ቀን የተቆጡት ያኔ ብቻ ነው። አንዱ ተነስቶ ገመዱን ነቀለው።

ውሳኔው በዚያው ቀን ወጣ። የሹፌሩ ሁለት ውድቀቶች ተሰረዙ፤ ምስሎቹ በትክክል ተገልጸው እንዳለቁ እንደ አዲስ ይፈተናሉ። ከእንግዲህ ኮርስ ሁሉ በፕሮግራሙ አረንጓዴ ሳይሆን በሚጠቀምበት ሰው ተፈትሾ ይወጣል። እኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ሲያንሰኝ ነው። መቶ በመቶም ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ለሁለት ሳምንት ሰላም አላለኝም፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን የመስኮት ጠጋኝ ላከልኝ።

ቤት ገብቼ ለእህቴ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ አሁን መምህርት ናት፤ የእማዬን የስፌት መኪና ክዳን ገልብጣ እላዩ ላይ ደብተር ታርማለች። ቀና ሳትል ሰማችኝ።

«እህል አልቀመሰችም?» አለች። «እኔ ስደውል ደህና ናት ስትዪኝ የነበረበት ሳምንት ነው?»

«ፈተና ላይ ነበርሽ...»

«ለማላውቀው ሰውዬ ነግረሽ ለኔ ደበቅሽኝ። መጥቼ ያገኘሁት ሬሳዋን ነው።» ደብተሩን ሰብስባ ክፍሏ ገባች። ከዚያ በኋላ የምናወራው «ቁልፉ የት ነው?»፣ «ውሃው መጣ?» ብቻ ሆነ።

ሥራው አምስት ሳምንት ፈጀ። የኮርሱ መምህር የአጥንቱንና የጡንቻውን ስም እየነገሩኝ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ ሹፌሩ እየፈተሹ። መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ኮምፒውተሩ መግለጫውን ያነብላቸዋል፤ እሳቸው የተባለውን ቦታ በገዛ አካላቸው ላይ በጣታቸው ይፈልጋሉ። ካገኙት ያልፋል፤ ካላገኙት እንደገና እጽፋለሁ። «ቀይ ነገር የሚባል መግለጫ አልቀበልም» ይሉኛል። የፈተናውን ምስሎች ከመምህሩ ጋር ለብቻችን ሠራን፤ እዚያ ላይ ደግሞ የጡንቻውን ስም ከጻፍኩ መልሱን መንገር ሆነ፤ ስለዚህ «ቀስቱ የሚያሳየው ከዳሌ ተነስቶ በጭን ፊት ለፊት ወርዶ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ነው» እያልኩ ቦታውን ብቻ መናገር ተማርኩ። በማውስ እየጎተቱ የሚመለሱትን ጥያቄዎች በሙሉ አውጥቼ በዝርዝር ቀየርኳቸው። ሰው የማያየውን ነገር እንዴት ይጎትታል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እየሠራን እህቴ ቢሮ መጣች። እዚያ መጥታ አታውቅም። ሹፌሩን ሰላም አለቻቸውና ወደኔ ዞረች።

«ያን ሳምንት የጻፍሽውን አሳዪኝ።»

«ትናንት ጉልበት ላይ ደረስን» አልኳት። «አጥፍቼዋለሁ። አዲሱን ጻፍኩበት።»

እህቴ ቦርሳዋን ይዛ መውጣት ጀመረች።

«የኔ ልጅ፣ ቆይ» አሉ ሹፌሩ። «እኔ አለሁ። ሁለት ጊዜ የተፈተንኩበት ነው፤ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ወንበር ላይ አስቀመጧትና ጀመሩ። «ጉልበት፣ ከፊት ሲታይ። እማዬ ዛሬ እህል አልቀመሰችም። ጉልበት፣ ከጎን ሲታይ። ለእህቴ ደህና ናት አልኳት። የጉልበት ሎሚ። ለማን ልንገር? የቅልጥም አጥንት። ዛሬ ሾርባ ሁለት ማንኪያ ወሰደች፤ እሰይ። የባት ጡንቻ። የእህቴን ስም ጠርታ፣ ጨርሳለች ወይ አለችኝ፤ ሁለት ቀን ቀራት አልኳት። የባት ጅማት። ታዲያ እኔም ሁለት ቀን እጠብቃታለሁ አለች። ቁርጭምጭሚት። ሆስፒታል አስገባናት፤ እጄን አልለቅ አለች።»

ስለ ሁለቱ ቀን መጻፌን እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። እህቴ «ጠይቃኛለች?» አለችኝ። «አዎ፣ ጠይቃሻለች» አልኳት። ተቃቅፈን አለቀስን፤ እኔ ስንት ጊዜ ይቅርታ እንዳልኳት አላውቅም። ሹፌሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ጠበቁን።

ፈተናው በስድስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ምድር ቤት ባለው የኮምፒውተር ክፍል ተሰጠ። እኔና እህቴ ኮሪደሩ ላይ ቆመን እንጠብቃለን፤ የሹፌሩ ልጅም ጥፍሯን ትበላለች። ከሁለት ሰዓት በኋላ በዱላቸው በሩን ገፍተው ወጡ። ስልካቸውን ከፍ አድርገው ያዙትና ውጤቱን እንደገና አስነበቡት። «ሰማንያ ስድስት። አልፈዋል።» ልጃቸው አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እኔ እልል ልል ስል እህቴ ክርኔን ያዘችኝ፤ ሌሎች ገና እየተፈተኑ ነው።

«አልከበደዎትም፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ሁሉም ግልጽ ነበር። ጉልበቱ ላይ ብቻ ትንሽ ቆየሁ።»

ደነገጥኩ። «ምነው? መግለጫው ተሳስቷል?»

«አልተሳሳተም፤ ደህና አድርገሽ ጽፈሽዋል» አሉኝ። «እዚያች ጋ ስደርስ እናትሽን መጠየቅ ለምዶብኝ ነው።»